ሳይፈታ የቀረው ቀይ ጨርቅ

እህቴ የሞተችው በኔ ምክንያት ነው። ሰው ሁሉ በአንተ አይደለም ይለኛል፣ ፓስተሩም አይደለም ብሎኛል። እኔ ግን ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም ጨርቁን ያሰርኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ልጻፈው። ጽሕፈቴ ደካማ ነው። ቤቴ የምናገረው ኦሮምኛ ነው፣ ፊደል የቆጠርኩት ግን ወታደር ሆኜ በአማርኛ ስለሆነ የምጽፈው በዚሁ ነው።

የጦር አውሮፕላን ሰፈር የተመደብኩት ለጉልበት ነበር። ባትሪ እሸከማለሁ፣ የሬዲዮ ሣጥን አወርዳለሁ። ቆይቶ አለቃዬ እጄ እንደማይንቀጠቀጥ አየና መበየጃ አስያዘኝ። መጽሐፉን ማንበብ አልችልም። ሽቦውን ግን በቀለሙና በላዩ ባለው ቁጥር እለየዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የአውሮፕላን ሬዲዮ ስፈታና ስገጥም ጎልማሳ ሆንኩ።

እዚያ አንድ ሕግ አለ። የሠራ ሰው ሥራውን ራሱ አያጸድቅም። ሣጥን ከፍተህ ስትሠራ ቀይ ጨርቅ ታስራለህ። ስትጨርስም አትፈታውም። ሌላ ሰው ይመጣል፣ ብሎን በብሎን፣ ሽቦ በሽቦ ያያል፣ ይፈርማል፣ ጨርቁን የሚፈታው እሱ ነው። ጨርቅ ያለበት አውሮፕላን ጄኔራል ቆሞ ቢጮህም አይነሳም።

የኔን ሥራ የሚያይልኝ ጓደኛዬ የኪራሙ ልጅ ነበር። ወላጆቹ ከወሎ መጥተው እኛ አገር ወለጋ፣ ኪራሙ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እሱ ትምህርት ጨርሷል፣ መጽሐፉን ያነባል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። አንድ ጠዋት ሁለት ሽቦ አዛውሬ ገጠምኩ፣ አረንጓዴውን በሰማያዊው ቦታ። እሱ ገብቶ አየና፣ ድምፁን ሳያነሳ፣

«ና እስቲ ወለጌው፣ ይሄ ምን ቀለም ነው?» አለኝ።

ሽቦዎቹን ነቅዬ ወደየቦታቸው መለስኩ። አብራሪው በዚያ ሰዓት ጥላ ሥር ቆሞ ብርቱካን ይልጥ ነበር። ምን እንደተረፈ አላወቀም። ግማሹን ከፍሎ ሰጠኝ። ኪሴ ከተትኩት እንጂ አልበላሁትም። ከዚያ ቀን በኋላ በገዛ እጄ ማመን ተውኩ፤ የማምነው በሁለተኛው ሰው ዓይን ሆነ።

መንግሥት ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ። አንድ ጆንያ ይዤ ነቀምቴ አጠገብ፣ ዲጋ፣ እህቴ ቤት ገባሁ። ታላቄ ናት፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ። ነቀምቴ እየተመላለስኩ ሥራ ለመንኩ። በየሄድኩበት ወረቀት አምጣ ይሉኛል። ወረቀት የለኝም፣ እጅ ነው ያለኝ። አንዱ መሥሪያ ቤት ጸሐፊው ምን ትችላለህ አለኝ፤ የአውሮፕላን ሬዲዮ ስለው ወደ ጓደኛው ዞሮ ሜዳው ላይ የሚግጡት በሬዎች ሬዲዮ ተበላሽቶባቸው እንደሆነ ጠየቀው። ተሳሳቁ። እኔም ወጣሁና ወደ ቡና መጋዘን ሄጄ ጆንያ ተሸከምኩ። በጉልበት ገብቼ ወደ ጉልበት ተመለስኩ።

አንድ ቀን የእህቴ ሬዲዮ ዝም አለ። ከፈትኩት። ቤቷ ውስጥ ቀይ ጨርቅ ፈልጌ ከሻሿ ጫፍ ቀድጄ አሰርኩበት። ምንድነው አለች። ነገርኳት። ከዚያማ መጫወቻ አደረገችኝ።

ጓደኛዬ፣ ኪራሙ ላይ እርሻ አልሆነለት ብሎ፣ ነቀምቴ ሲመጣ ነው ነገሩ የተቃናው። ባኬ ጃማ ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየን። ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ በኋላም ቴሌቪዥን። እኔ እሠራለሁ፣ ጨርቅ አስራለሁ። እሱ ያያል፣ ደብተር ላይ ይፈርማል፣ ይፈታል። ደንበኛ ይቆጣል፣ «ጃርሳው፣ እየዘፈነ እኮ ነው፣ ስጠኝ!» ይላል፤ ጃርሳ ሽማግሌ ማለት ነው። አልሰጥም። ጓደኛዬ ገበያ ሄዶ ከሆነ እስኪመለስ ይጠበቃል። ደረቅ ነው ብለው ሌላ ሱቅ የሄዱ አሉ፤ ይሂዱ።

እንዲህ አርጅተን ሳለን አገሩ ታመሰ። የኪራሙ መንገድ አስፈሪ ሆነ። እናቱ ታመመች ሲባል ግን እሱ አልቆም አለ፣ በሳምንት እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። መንገዱ ተዘጋ። ስልኩም ተቋረጠ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ክረምት አስገባ። ሱቅ ውስጥ ቀይ ጨርቅ ያሰሩ ሬዲዮዎች እስከ ጣሪያ ተደረደሩ።

በዚያ መሃል ከዲጋ ወጣ ብሎ ካለች ትንሽ ክሊኒክ ነርሷ ላከችብኝ። ለታመመ ሰው አየር የሚሰጥ የኦክስጅን ማሽን አላት፣ ቆሟል። ሄጄ ከፈትኩት። የውስጡ ሰሌዳ አንድ ጥጉ ተቃጥሏል። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እህቴ ቤቷ ቅርብ ነው፣ ምሳ ይዛልኝ እየመጣች አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። ያኔም ታስል ነበር፣ የብርድ ነው ትላለች።

በሁለተኛው ቀን ማሽኑ ተነሳ። ጠዋት አስነስቼ እስከ ማታ አሠራሁት፣ አላስቸገረም። ከዚያ ጨርቁን አሰርኩ።

«ይሠራል እኮ ኦቦ» አለች ነርሷ።

«ይሠራል። ግን ያየው የለም።»

«እርስዎ አዩት አይደል እንዴ?»

«እኔ ሠራሁት እንጂ አላየሁትም። የሚያይ ሰው አለኝ፣ መንገዱ ሲከፈት ይመጣል። እስከዚያ ሰው ላይ እንዳትሰኪው።»

ነርሷ «መንገዱማ መቼ ሊከፈት» አለች። እህቴ ናት የሳቀችው። «ወጥ ብሠራም ጨርቅ ልታስርበት ነው? ሌላ ሴት መጥታ እስክትቀምሰው በረሃብ እንለቅ?» አለች። ነርሷም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እህቴ ሰሀኑን ይዛ ሄደች። ስትስቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው።

ክረምቱ ሲበረታ ሳሉ ወደ ሳንባ ምች ዞረባት። አንድ ጠዋት ትንፋሽ አጥሯት ጎረቤቶቿ ተሸክመው ክሊኒክ አስገቧት። ነርሷ ደወለችልኝ፣ ኔትወርክ የለም። መኪና አፈላለገች፣ የነቀምቴ መንገድ ያን ቀን እስከ ቀትር ተዘግቶ ነበር። ማሽኑ አልጋው አጠገብ ቆሟል፣ ጨርቁ ላዩ ላይ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ነርሷ ናት። ራሷ ነርሷ ጨርቁን ልትፈታ እጇን ሰደደች። እህቴ አየቻት። በማታወጣው ትንፋሽ፣ ቃል በቃል እየለቀመች፣

«ተይው። የወንድሜ ሥራ ነው። አትንኪው ካለ አትንኪው፣ እሱ ያውቃል» አለቻት።

ነርሷ እጇን መለሰች። መንገዱ ሲከፈት በባጃጅ ጫኗት። ከዲጋ ነቀምቴ ሩቅ አይደለም። አልደረሰችም።

ከቀብር በሦስተኛው ቀን ክሊኒኩ ሄድኩ። ማሽኑን ሰካሁት። ተነሳ። የቱቦውን አፍ መዳፌ ላይ አደረግሁ፤ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ሳይቆራረጥ ይመጣል። ብዙ ተቀመጥኩ። ነርሷ በር ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር፣ አንቺ ምን አደረግሽ አልኳት። ጨርቁን ልፈታ ስል ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። በዕድሜዬ የራሴን ቋጠሮ ፈትቼ አላውቅም። በመጨረሻ በፒንሳ ቆረጥኩት።

ጓደኛዬ የመጣው ክረምቱ ወጥቶ ነው። እናቱን ቀብሮ፣ ከስቶ። ሱቁ ደጃፍ አረፍ ብለን ሁሉን ነገርኩት። ከጅምሩ እስከ ፒንሳው። እኔ የጠበቅሁት አንድ ቃል ነው፤ «ልክ ነህ፣ ሕጉ ነው» እንዲለኝ።

«ወንድሜ፣ እኔ ያንተን ሥራ አይቼ አላውቅም» አለ።

አልገባኝም።

«እዚያ ሰፈር ሳለን አየው ነበር። እዚህ ግን፣ ሱቁን ከከፈትን ጀምሮ፣ ዝም ብዬ ነው የምፈርመው። ሬዲዮ ከሰማይ አይወድቅም አልኩ። ደግሞ ያንተ እጅ ነው፤ ምኑን ልየው?»

«ጨርቁንስ?»

«ደስ እንዲልህ ነው የምፈታው።»

ልመታው ነበር። ሽማግሌ ሽማግሌን ቢመታ ማን ያስታርቃል ብዬ ተነሳሁ፣ ቤቴ ገባሁ። ሁለት ሳምንት ሱቅ አልከፈትኩም። የተኛሁ መስዬ አስብ ነበር። እሱ ቢዋሸኝ እኔም ፈልጌ ነው የተዋሸሁት። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ጠዋት «ይሄ ምን ቀለም ነው» አላለኝም። አንድም ስህተት አለመገኘቱ ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር። አልጠየቅሁም። ጨርቁ ሲፈታ ከላዬ ሸክም ይወርድልኛል፣ በቃ። ሕጉን የጠበቅሁት ሰው እንዳይሞት መስሎኝ ነበር፤ በኔ እጅ ሞተ እንዳልባል ሆኖ ይሆን? ይህን ለማንም አልነገርኩም፣ እዚህ ጻፍኩት እንጂ።

እህቴ ግን «እሱ ያውቃል» ነው ያለችው። ይሄ ቃል አይለቀኝም። አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሱቁን ከፈትኩ። ጠዋት መጣ፣ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ሰላምታ አልሰጠሁትም፣ ሂድም አላልኩትም። ጨርቅ ከታሰረባቸው ሬዲዮዎች አንዱን አወረደና ብሎኖቹን ፈታ። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ዓይኑ ዛሬ ደክሟል፤ እያንዳንዱን ሽቦ በጣቱ ይዞ እስከ መጨረሻው ይከተላል። አንዷን ሬዲዮ ለማየት እስከ ምሳ ሰዓት ይፈጅበታል።

ደንበኛ ሲቆጣ እኔ አልመልስም። ጓደኛዬ ይየው። ምሳ ሰዓት ሲሆን እንጀራውን ገፋ አደርግለታለሁ።