የቅበላ ማለዳ እንግዶች

መምህር አሻግሬ ማረፍ አያውቅበትም። ትምህርት ቤቱ ለመንፈቀ ዓመት ዕረፍት በተዘጋ ማግስት፣ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ሊተኛ ምሎ የነበረው ሰውዬ፣ የደወሉ ሰዓት ሲደርስ ብድግ ብሎ ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረ። ሚስቱ አስቴር ከብርድ ልብሱ ሥር አንገቷን ብቅ አድርጋ «ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስተምር ነው? ዶሮዎቹን?» ብትለው አፈረና ተመልሶ ጋደም አለ። እንቅልፉ ግን አልተመለሰም።

ከዕረፍቱ በፊት ያላቀደው ነገር አልነበረም። የዘመመውን አጥር ሊያቃና፣ የጫማውን ሶል ሊያስቀይር፣ ሳሪስ አቦ ገበያ ሄዶ አስቴር ዓመት ሙሉ የነዘነዘችበትን የውሃ በርሜል ሊገዛ አስቦ ነበር። አጥሩ እንደ ዘመመ ነው። እሱ ግን ከቀበሌው ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሞ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈውን መፈክር ከላይ እስከ ታች እያነበበ ፊደል ሲያርም ዋለ። ግድፈቱን አገኘው፤ ለማንም ግን አልተናገረም። በዚያ ዘመን የመፈክር ፊደል የሚያርም አስተማሪ ዕረፍቱ ከሚያስበው በላይ ሊረዝምለት ይችል ነበር።

የአስተማሪ ነገር እንዲህ ነው። መንገድ ላይ ሲሄድ ሰው አይታየውም፤ የሚታየው ክፍል ነው። የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው፣ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ ተነሰነሰ ከፋብሪካው የሚወጡትን ሴቶች ሲያይ በልቡ በቁመታቸው ያሰልፋቸዋል። ሻይ ቤት ተቀምጦ የሚንጫጫውን ሰው ሁሉ ጸጥ በሉ ሊል አፉ ላይ ይደርስና በሻይ ያወራርደዋል። ይህን ለአስቴር ሲነግራት ትስቃለች፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም ነበር። አሻግሬ ያንን ዕረፍት እንደ ዕዳ ቀጠሮ ነበር የፈራው።

ነገሩ የተጀመረው ከገና በፊት ነው። የቀድሞ ተማሪው ሙሀመድሁሴን፣ የወሎዬው የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ልጅ፣ በክራንች እየተደገፈ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል አስጠራው። ሙሀመድሁሴንና ኦላና መገርሳ ስድስተኛ ክፍልን በአንድ ዴስክ ተቀምጠው የተማሩ፣ በአንድ ቀን አፈሳ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰዱ፣ በአንድ ምሽግ ውስጥ ናቅፋ ላይ የቆዩ ጓደኛሞች ነበሩ።

«ጋሼ፣ ኦላና አጠገቤ ነው የወደቀው» አለው ልጁ። «ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ። እናቱ ፊት መቆም አልችልም። አንተ እንዴት ተረፍክ ብትለኝ ምን እላታለሁ? እርስዎ ይንገሩልኝ።»

ብዙም ሳይቆይ ሙሀመድሁሴን ዘመዶቹ ዘንድ ወሎ ሄደ። አደራው አሻግሬ ጫንቃ ላይ ቀረ።

መርዶ ደግሞ እንዲሁ ዘው ብሎ አይነገርም። ወግ አለው። ጎረቤት በዋዜማው በሹክሹክታ ይነገረዋል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ሰው ጎህ ሲቀድ፣ ባለ መርዶዋ እህል ሳትቀምስ፣ በሯ ላይ ይሰበሰባል። ከዚያ አንዱ ይናገራል፤ ሌላው ስትወድቅ ይይዛታል። ቀበሌው ግን በስብሰባ ላይ፣ ከግንባር የሞት ወሬ የሚያመጣ ሰው የጠላት ወሬ ነዢ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። ጎረቤት ሳይሰማ ጎረቤት እንዴት ይሰበሰባል? አሻግሬ ይህን እያሰበ ፈተናው ይለቅ አለ። ፈተናው ሲያልቅ እርማቱ ይለቅ አለ። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ይዘጋ አለ። ትምህርት ቤቱም ተዘጋ።

የኦላና እናት እትዬ ፈለቀች የባቡር ሠራተኛው የመገርሳ ሚስት ነበረች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ያላት ልጅም አንድ ኦላና ብቻ ነው። ሬዲዮ ስለሌላት፣ በግንባር ያሉ ወታደሮች ለቤተሰብ የሚልኩት ሰላምታ በሚነበብበት ሰዓት ከሰዓት በኋላ እነአሻግሬ ቤት ትመጣለች። አሻግሬ በጧቱም በከሰዓቱም ፈረቃ ያስተምር ስለ ነበር በዚያ ሰዓት ቤት ተገኝቶ አያውቅም። አሁን ግን ዕረፍት ነው፤ የት ይሂድ? በየቀኑ ሰበብ ፈልጎ ቢወጣ አስቴር ትጠረጥራለች። ለአስቴር እንዳይነግራት ደግሞ ሁለቱ ሴቶች የሚደባበቁት ነገር የላቸውም። ስለዚህ ተቀመጠ።

እትዬ ፈለቀች ቆሎ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትመጣለች፤ ለባለ ሬዲዮዎቹ ታካፍላለች፤ ከዚያ ጆሮዋን ወደ ሬዲዮኑ አዘንብላ ዝም ትላለች። ስም ይነበባል። የጎጃም ልጅ፣ የሲዳሞ ልጅ፣ የአርሲ ልጅ፣ ደህና ነኝ አታስቡ ይላል። ሲያልቅ ነጠላዋን ታራግፋለች።

«ዛሬም ተራው አልደረሰውም» ትላለች። «ወታደሩ ብዙ ነው፣ አይደል አሻግሬ?»

«ብዙ ነው» ይላታል። ቆሎው አፉ ውስጥ አልደቅ ይለዋል።

ያን ጊዜ ነው ኦላና የሚመጣው። ልጁ ተማሪ ሳለ ማርፈድ ልማዱ ነበር። ባረፈደ ቁጥር አንድ እግሩን ከበሩ ውስጥ፣ አንዱን ከውጭ አድርጎ ይቆምና «ጋሼ፣ ልግባ?» ይላል፤ አሻግሬም ክፍሉን ለማሳቅ ያልሰማ መስሎ ያቆየዋል። አሁን በአሻግሬ ቤት በር፣ ከእናቱ ጀርባ፣ የወታደር ልብሱን እንደ ለበሰ እንዲያ ሆኖ ይቆማል። አይናገርም፤ ፈቃድ የሚጠብቅ ይመስላል። አሻግሬ ዓይኑን ጨፍኖ ሲገልጥ በሩ ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በሩን ጀርባ ሰጥቶ መቀመጥ ፈራ። ወንበሩን ቢያዞረው አስቴር «ደግሞ በሩን ምን አደረገህ?» ብላ አሾፈችበት።

እንዲህ እያለ ቅበላ ደረሰ። ከነገ ወዲያ ሁዳዴ ይገባል፤ የሠፈሩ ሰው ቅርጫ ተቧድኖ በሬ ገዝቷል። የቅርጫው አለቃ ጋሽ ወልደሚካኤል ናቸው፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ስለ ቁራጭ ሻኛ እንኳ ችሎት የሚያስችሉ ሰው። አራጁ የፋብሪካ ዘበኛው ደበላ ነው። በየዓመቱ የሥጋውን መደብ የሚያካፍለው አሻግሬ ነው፤ አስተማሪ አያዳላም ይባላል። በሬው ሁልጊዜ የሚታረደው ደበላ ግቢ ነበር። ዘንድሮ ግን ግቢው ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ እግር ማሳረፊያ አልነበረውም። ይህ የታሰባቸው በሬው ከመጣ በኋላ፣ ቅዳሜ ሲመሽ ነው።

«ፈለቀች ግቢ ሰፊ ነው፤ ውሃም አለው» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል። «ጎህ ሲቀድ ሄደን እንጠይቃታለን፤ እሷ እምቢ አትልም።»

«ሌላ ቦታ አይሻልም?» አለ አሻግሬ።

«ምን ሆነ ደግሞ የሷ ግቢ?»

ምን ይበል?

እሑድ ማለዳ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሦስቱ ሰዎች በሬውን ከግቢው ውጭ ካለው የባሕር ዛፍ ግንድ ጋር አስረው ወደ በሩ ተጠጉ። ደበላ ከብርዱ የተነሣ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። ጋሽ ወልደሚካኤል የሰው ደጅ ነውና ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ፤ ሴትዮዋ ተኝታ እንደሆነ እንዳትደነግጥ ብለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቤቶች» አሉ። አሻግሬ ከኋላ ሆኖ መሬት መሬት ያያል። ድንገት ቀና ብሎ ሁለቱን አያቸው። ጋቢ፣ የወለቀ ኮፍያ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ማለዳ። ሊጎትታቸው እጁን ዘረጋ፤ በሩ ግን ተከፈተ።

እትዬ ፈለቀች አንዴ አየቻቸው፤ ሁለተኛ አላየቻቸውም። ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና፣ ደፉ ላይ ቁጢጥ አለችና «ልጄን» አለች። ከዚያ ደረቷን ትመታ ጀመር።

ጋሽ ወልደሚካኤል መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ኮፍያቸውን ጥለው ተንደረደሩ። «በሬ ነው» አሉ። «ፈለቀች፣ ስሚኝ፣ በሬ ነው። በሬ ልናርድ ነው የመጣነው።» አልሰማቻቸውም። ደበላም የሚያደርገው ቢያጣ ወደ ውጭ ሮጦ በሬውን ፈታና በቀንዱ እየጎተተ ለምስክርነት አመጣው። በሬው ግማሽ ገላውን በአጥሩ በር አስገብቶ፣ ግራ ተጋብቶ ቆመ።

እትዬ ፈለቀች በሬውን አየች። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ጋሽ ወልደሚካኤልን አየች። ከዚያ ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ፣ ጎኗን ይዛ ሳቀች።

«እናንተ ምን ዓይነት ጉዶች ናችሁ? በዚህ ሰዓት ሦስት ሆኖ የመበለት በር የሚቆም ማነው? ልትገድሉኝ ነው?»

ደበላ ሳቀ። ጋሽ ወልደሚካኤልም ኮፍያቸውን አንሥተው አቧራውን እያራገፉ፣ እንዲህ ያለ ቂልነት በዕድሜያቸው ሠርተው እንደማያውቁ እየማሉ ሳቁ። እሷ ተነሥታ የበሬውን ግንባር ዳሰሰች። «ግቡ፣ እረዱ፤ ግቢው የናንተ ነው። እሰይ፣ ሁልጊዜ በሬ ያምጣችሁ» አለች። ፊቷ የልጅ ፊት መስሎ ነበር። አሻግሬ ያን ፊት ሲያይ፣ ምነው ምድር ብትውጠኝ አለ በልቡ።

እትዬ ፈለቀች ወደሱ ዞረች።

«አንተ ምነው አትስቅም?»

«ደንግጬ ነው እትዬ።»

«እነሱም ደንግጠዋል፤ ስቀዋል ግን። ለበሬው ብቻ ነው የመጣችሁ?»

«አዎ።»

«ኦላና ይሙት በላ።»

ይሙት ማለት በኛ ሠፈር ከሰላምታ የሚቆጠር ነገር ነው። ሽንኩርት ሻጯ የልጇን ስም ጠርታ ይሙት ትላለች፤ ጎረምሳው ለአንድ ሲጋራ እናቴ ትሙት ይላል። በሞተ ሰው ግን ማንም አይምልም። አሻግሬ ደግሞ አልዋሸም፤ በእርግጥ የመጣው ለበሬው ነበር። ሁለት ቃል ብሎ ቢገላገል የሚከሰው የለም። እሷም የምትፈልገው ያንኑ ነበር።

«በለኝ» አለች ቀስ ብላ። «ልቤ ይረፍ።»

«ኦላና» አለ አሻግሬ። ሁለተኛውን ቃል ሊያወጣው ታገለ። ምላሱ አልታዘዘም።

ጋሽ ወልደሚካኤል እሷን አዩ፣ እሱን አዩ። አሁን የደፉትን ኮፍያ እንደገና አወለቁ።

በዚህኛው ጊዜ አልጮኸችም። የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

«የት?»

«ናቅፋ።»

«ማን አይቶ?»

«ሙሀመድሁሴን። ዓይኑን እሱ ነው የከደነው።»

«መቼ ሰማህ?»

«ከገና በፊት።»

ይህንን ለራሷ ደግማ አሰበችው። «እንግዲያ ሬዲዮኑን ዝም ብለህ አብረኸኝ ትሰማ ነበር» አለች።

«እሰማ ነበር» አለ አሻግሬ። እንባው ወረደ፤ ሊጠርገው እንኳ አፈረ። ብትሰድበው፣ ብትመታው ደስ ባለው ነበር፤ እሷ ግን የምታየው እሱን አልነበረም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ጥለቱን ወደ አንገቷ አዘቅዝቃ ለበሰችው።

«ጎረቤት ጥሩልኝ።»

ደበላ በሬውን እንደያዘ አጎነበሰ። «እትዬ፣ ቀበሌው ቢሰማስ? ቤት ገብተን ቀስ ብለን …»

«ይስማ። ልጄን ሲወስዱት ቆሜ ዝም አልኩ። ብቻዬን ግን አላለቅስም።» ከዚያ ወደ አሻግሬ ዞረች። «አንተ ሂድና ጥራልኝ። ሰው እስኪመጣ እጠብቃለሁ።»

አሻግሬ ወጣ። ከሁሉ የሚቀርበው የአሰለፈች ቤት ነው። አሰለፈች ከአስቴር ጋር ጽዋ የምትጠጣ፣ በጥጥ ፋብሪካው የምትሠራ ሴት ናት። ምን እንደሚላት በልቡ እያሰናዳ፣ ፈለቀችን እንድትይዛት፣ ሌሎቹንም እንድትጠራ ሊነግራት እያሰበ በሯን መታ።

አሰለፈች በሩን ከፈተች። ከፊቷ መምህር አሻግሬ በዚያ ሰዓት፣ በጋቢ፣ ፊቱ በእንባ ርሶ ቆሟል። የእሷም ልጅ በዚያው አፈሳ ተወስዶ ሰሜን ነው ያለው። ምንም አልጠየቀችውም። ከእግሩ ሥር ወደቀች።

አሻግሬ ሊያነሣት ጎንበስ አለ። «ያንቺ አይደለም» ሊላት አፉን ከፈተ። ስለ እሷ ልጅ ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረም።