ሕመሙ ለቆኝ የሄደ ሳምንት

አሜሪካ፣ ሴንት ፖል መሀል ከተማ አንድ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ በጥበቃ እሠራለሁ። ከወንበሬ እየተነሳሁ ሁለተኛውን ፎቅ መዞር አለብኝ፤ ከዚያ በስካይዌዩ ተሻግሬ እስከ ጎረቤቱ ሕንፃ በር ደርሼ እመለሳለሁ። ስካይዌይ ከመንገዱ በላይ የተንጠለጠለ የመስታወት ድልድይ ነው፤ ሰው በረዶ ሳይነካው ከሕንፃ ወደ ሕንፃ እንዲያልፍ የተሠራ። ሥራ ስጀምር በምሳ ሰዓት ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋን ነበር የምናልፈው። ከወረርሽኙ በኋላ ሠራተኛው ሁሉ ከቤቱ መሥራት ለመደ፣ ሱቆቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። አሁን እኩለ ቀን ላይ እንኳ ሰው አይገኝም። ጣሪያው ላይ ያሉት ድምፅ ማጉያዎች ግን ዛሬም ለስለስ ያለ ፒያኖ ያሰማሉ። ማን እንደሚከፍታቸው ጠይቄ አላውቅም።

ያን ሰሞን ደስተኛ ነበርኩ። ለወራት ከቂጤ ተነስቶ፣ በጭኔና በባቴ ጎን አድርጎ እስከ ግራ አውራ ጣቴ የሚወርድ እሳት ነበረብኝ። ስቀመጥ ይብሳል፤ ሲያስነጥሰኝ ዓይኔ ይጨልማል። ኪኒን ዋጥኩ፣ ወገቤን መርፌ ተወጋሁ፣ ፊዚዮቴራፒ ተመላለስኩ፣ ጸበልም ተጠመቅሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስነሳ ሕመሙ የለም። ቀነሰ አይደለም፤ ጭራሽ የለም። አልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ እግሬን እየነካካሁ ጠበቅሁት። አልመጣም።

ከከተማው ወጣ ብላ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ደወልኩላት።

«እትዬ፣ ለቀቀኝ!»

«ተመስገን! ተመስገን!» ብላ ስልኩ ላይ እልል አለች። እሷ ሕመሙን ታውቀዋለች። አሜሪካ እንደገባን ሁለታችንም አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አቅም ያጡ ሰዎችን እያነሳን እያስተኛን ነው ወገባችንን የጨረስነው። የእሷ የአከርካሪ ዲስክ ቀድሞ ተንሸራቶ ከዓመታት በፊት ኦፕራሲዮን ሆናለች።

ሰው ይከተለኝ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው።

መጀመሪያ የጽዳት ሠራተኛ መስሎኝ ነበር። የቦት ጫማዬ ተረከዝ ወለሉን ኳ ሲያደርግ፣ ወዲያው ከኋላው ሌላ ኮቴ ጧ ይላል። ስቆም ይቆማል። ዞር አልኩ፤ ባዶ ኮሪደር፣ በተዘጋው ፀጉር ቤት ውስጥ ወደ መስታወቱ የዞረ አንድ ወንበር፣ ፒያኖው። መንገዴን ቀጠልኩ። እሱም ቀጠለ። ስፈጥን ይፈጥናል፤ ግን አይደርስብኝም፣ ወደ ኋላም አይቀርም። ድልድዩ መሀል ስደርስ ከታች መኪናዎቹ በበረዶ ጭቃ ውስጥ ሲንሸራተቱ ይታየኛል፣ ድምፃቸው ግን አይሰማም። የሚሰማው የዚያ ሰው እርምጃ ብቻ ነው። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛው ቀን ዙሩን ሳልጨርስ ሮጬ ለመመለስ ስሞክር ደረቁ ወለል ላይ በግንባሬ ተደፋሁ።

ካሜራዎቹን የሚከታተለው የሥራ ባልደረባዬ በዕድሜ የሚበልጠኝ የጅማ ሰው ነው። አማርኛውን በኦሮምኛ ዜማ ነው የሚናገረው። ስክሪኖቹ ካሉበት ክፍል ገብቼ፣ «የሚከተለኝ ሰው አለ፤ እስቲ መልሰህ እየው» አልኩት።

ወደ ኋላ መልሶ አየው። «ኧረ እህቴ፣ ማንም የለም። አንቺው ብቻ ነሽ» አለኝ። ደግሞ ወደ ኋላ መለሰው። «ግን እግርሽ... እግርሽን ምን ሆነሽ ነው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስክሪኑ ላይ የጥበቃ ልብስ የለበሰች ሴት ድልድዩን ትሻገራለች። ግራ እግሯን ስታነሳ የእግሯ ፊት አብሮ አይነሳም፤ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ተረከዟ ካረፈ በኋላ የቀረው የእግሯ መዳፍ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወለሉ ላይ ይወድቃል። ጧ። ሴትየዋን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። አረማመዷ የእኔ አልነበረም።

እዚያው ተቀምጬ ቦት ጫማዬን አወለቅሁ። ጣቶቼን ወደ ላይ ሳብ ለማድረግ ሞከርኩ። የቀኙ ታዘዘ። ግራውን አፍጥጬ አየሁት፤ በሐሳቤ እየገፋሁ ተነስ አልኩት። አውራ ጣቴ ንቅንቅ አላለም። በጥፍሬ ቆነጠጥኩት፤ የተቆነጠጠው እኔ አልነበርኩም።

እህቴ ነድታ መጥታ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ወሰደችኝ። ኤምአርአይ አነሱኝ፤ ቀዶ ሐኪሟም በዚያው ቀን መጣች። ወጣት ናት፤ በዝግታ ነው የምትናገረው። ምስሉን ስክሪን ላይ ከፍታ በወገቤ አጥንቶች መሀል አንድ ጥቁር ነገር አሳየችን። ከዲስኩ ተቆርጦ የወጣ ቁራጭ ነው፤ ወደ ታች ተንሸራቶ ነርቬ ላይ ተጋድሟል።

«ሕመሙ ከጠፋ ግን ሳምንት ሆኖታል» አልኳት፣ ለራሴ እንደ መከራከሪያ።

«የጠፋው ስለዳነ አይደለም» አለችኝ። «ነርቩ መልእክት ማስተላለፍ እያቃተው ነው። መቆየት አንችልም።»

ለእህቴ በአማርኛ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እልልታዋ ትዝ ብሏት መሆን አለበት።

ሐኪሟ ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረችን። አንደኛው እንደ ጣት የቀጠነ ቱቦ በትንሽ ቀዳዳ ማስገባት ነው። ጡንቻው ከአጥንቱ አይላቀቅም፤ ወደ ጎንና ጎን ገለል ይላል እንጂ። የሚፈሰው ደም ትንሽ ነው፤ ብዙ ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ይቀላሉ። ሁለተኛው ከፍቶ መግባት ነው፤ ቆዳው ረዘም ተደርጎ ይቀደዳል፣ ጡንቻው ከአጥንቱ ላይ ይገፈፋል፣ ሐኪሙ ሰፋ አድርጎ ያያል።

«ላንቺ ቢሆን የትኛውን ትመርጫለሽ?» አልኳት።

«ሁለቱንም እሠራለሁ። ዓመት ቆይተሽ ብትጠይቂኝ፣ በሁለቱ መንገድ የተሠሩትን ሰዎች በአካሄዳቸው አልለያቸውም። ልዩነቱ መጀመሪያ ላይ ነው።»

እህቴ አልተዋጠላትም። ሹራቧን ከወገቧ ገልባ ጀርባዋን ለሐኪሟ ሰጠቻት። ከአከርካሪዋ ጋር የሚወርደውን ነጣ ያለ ጠባሳ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። በዚያ ነጭ መብራት ስር ግን አሁን የሚከፈት ዚፕ መሰለኝ።

«እኔን ከፍተው አይተው ነው ያወጡልኝ። ወር ሙሉ ተኝቻለሁ፣ ግን ድኛለሁ። በዚያች ቀዳዳ ምን ይታያታል? ጠይቂያት» አለችኝ።

ጠየቅኋት። ሐኪሟ አልተቆጣችም። በቱቦው ላይ በማይክሮስኮፕ እንደምታይ፣ እይታው ጠባብ ቢሆንም ጥርት ያለ እንደሆነ አስረዳች። «በቱቦው እጀምራለሁ። ቁራጩ የነርቩ ሽፋን ላይ ተጣብቆ ካገኘሁት ግን በጠባብ ቦታ አልታገልም፤ እከፍተዋለሁ። ለሁለቱም ፍቀጂልኝ» አለችኝ። ፈቀድኩ።

በማግስቱ ጠዋት አስገቡኝ። ማደንዘዣው ሲሰጠኝ የመጨረሻ የማስታውሰው የአንዲት ነርስ እጅ ነው፤ ከዚያ ወዲያው እኩለ ቀን ሆነ። እንቅልፍ እንኳ ትንሽ ያሳውቃል፤ ሰዓት እንዳለፈ ይሰማል። ይሄ ግን ጊዜውን ራሱን ቆርጠው ያወጡት ያህል ነበር። በደረቴ አስተኝተው፣ ገላልጠው፣ ጀርባዬ ውስጥ ገብተው ወጥተዋል፤ እኔ አልነበርኩም።

ያስፈራኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በየትኛው መንገድ እንደሠሩኝ አላውቅም። ነርሷን ጠየቅኋት፤ «ዶክተሯ መጥታ ታስረዳሻለች» ብላ ብቻ ፈገግ አለች። እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ዳበስኩ፤ ፋሻው ሰፊ ነው። ሰፊ ፋሻ ግን ትንሽ ቀዳዳም ይሸፍናል። የራሴ ሥጋ የሆነውን ያውቃል፤ እኔ ደግሞ ሰው እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ። እህቴ ወንበር ላይ ሆና ፊቴን ታያለች።

«እዪልኝ» አልኳት።

«አልነካም። ፋሻ አይነካም።»

«እትዬ፣ ማወቅ አለብኝ።»

«ማወቅሽ ምን ይጠቅማል? እግርሽን አንቀሳቅሺ።» አልተንቀሳቀሰም። ሁለታችንም በብርድ ልብሱ ስር ጎልቶ የሚታየውን እግሬን አፍጥጠን አየነው።

ሐኪሟ ከሰዓት በኋላ መጣች። በቱቦው ጀምራ ነበር፤ ቁራጩ የነርቩ ሽፋን ላይ ተጣብቆ ስላገኘችው ከፍታዋለች። ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ሽፋኑም አልተቀደደም። እግሩ ሊመለስ እንደሚችል፣ ግን በወራት እንጂ በቀናት እንዳልሆነ፣ ሁሉም ላይመለስም እንደሚችል ነገረችኝ። እህቴ ስተረጉምላት እኔ እንደጠበቅሁት አልተኩራራችም፤ ግንባሬን ሳመችኝና፣ «ወር ሙሉ ምን እንደምትሆኚ እነግርሻለሁ፤ አትፍሪ» አለችኝ።

እሷ ቤት ከረምኩ። ከጎን ወደ ጎን የምታገላብጠኝ፣ ሳልጎነበስ ካልሲ እንዴት እንደሚደረግ የምታሳየኝ እሷ ነበረች። እግሬን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ ጫማዬ ውስጥ እያስገባሁ በኮሪደሯ እመላለሳለሁ። በረዶው ሊያልቅ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ አውራ ጣቴ ተነሳ። ትንሽ፣ እንደ ትንፋሽ። እህቴን ጠርቼ ደግሜ ላሳያት ስል እምቢ አለኝ። በማግስቱ ለእሷም ተነሳላት።

አሁን ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ፤ ደህና እራመዳለሁ። ከአውራ ጣቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ያለው የእግሬ ገጽ ግን እስካሁን የእኔ አይደለም። ባለፈው በጋ እህቴ ጓሮ በባዶ እግሬ ስንጎራደድ ቆይቼ ወደ ኩሽና ስገባ፣ «ማነው የደማው?» ብላ ጮኸች። ነጩ ወለል ላይ ከበሩ ጀምሮ ቀይ ነጠብጣብ ተሰልፏል። የእሷን እጅ አየሁ፣ የራሴን እጅ አየሁ። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና እግሬን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። አውራ ጣቴ በሆነ ነገር ተሰንጥቆ ጥፍሬ ተንጠልጥሏል፤ ምንም አልተሰማኝም ነበር።

አጠበችው፣ ጠቀለለችው። «ሕመም ካልነገረሽ በዓይንሽ ማየት አለብሽ» አለችኝ።

ስለዚህ ማታ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ መብራት አበራለሁ፤ ያንን እግር አንስቼ ከላይም ከታችም፣ በየጣቱ መሀልም አየዋለሁ።