የቀኝ እጅ ጥፍሮች

ባለቤቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ አንገትጌ ስትሰፋ ኖረች። እጅጌ አይደለም፣ ኪስም አይደለም፤ አንገትጌ ብቻ። መንገድ ላይ የማታውቀውን ሰው አንገት አተኩራ ስታይ ሰውየው ግራ ይገባው ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። የሄደችባቸው ስፌት ቤቶች ሁሉ ወጣት ፈለጉና ስምንት ወር ቤት ተቀመጠች። መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ቤት ስትውል ምን እንደሚመጣ የቀመሰው ያውቀዋል። ቁም ሳጥኑን በሳምንት ሦስት ጊዜ ታስተካክላለች፤ እሱ ሲያልቅ እኔን ማስተካከል ትጀምራለች። ዛሬ ሁሉም ስላለፈ እየሳቅኩ አወራዋለሁ እንጂ ያኔ እንኳን ልስቅ ቤት መግባት ያስፈራኝ ነበር።

የጥፍሩን ሥራ ያመጣችልን ልጃችን ናት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካርቶን አቅፋ ገባች። ጓደኛዋ ጀምራ የተወችው የጀማሪዎች መለማመጃ ነው፦ አንድ የፕላስቲክ ቀኝ እጅ፣ ጣቶቹ ጫፍ ላይ የሚሰካ የፕላስቲክ ጥፍር በከረጢት፣ ሞረድ፣ ቀጫጭን ብሩሾች፣ ጄል የሚባለው የጥፍር ቅብ በጥቂት ጠርሙስ፣ ጄሉን የሚያደርቅ ትንሽ መብራት። እጁ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በብሎን ይታሰራል፤ ጣቶቹም እንደ ሰው ጣት ይታጠፋሉ። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ ከሰው ቤት ማጠቢያ ሥር ያላወጣሁት ጉድ የለም። ግን ከሥራ ገብቼ ራት የምበላበት ጠረጴዛ ላይ እጅ ብቻውን ተዘርግቶ ሳይ ክው ነው ያልኩት።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አልኩ።

«ደንበኛዬ ናት» አለች ባለቤቴ ቀና እንኳ ሳትል። «አትነጫነጭ፣ አትቸኩል፣ ራት ደረሰ ወይ አትል። ካንተ ትሻላለች።»

የስፌት እጅ ነውና ሥራው ቶሎ ገባት። መጀመሪያ ስስ መሠረት ይቀባል፣ መብራት ይገባል፤ ቀለም ይቀባል፣ መብራት ይገባል፤ አንዴ ደገም ይደረግና በመጨረሻ የሚያብረቀርቀው መዝጊያ። ጄሉ ቆዳ መንካት የለበትም፤ የጥፍሩም ጫፍ መረሳት የለበትም። ችግሩ የፕላስቲኩ ጥፍር ነበር። አንዴ ጄል ከደረቀበት በሞረድ ካልተፋቀ አይለቅም፤ ሲፋቅ ደግሞ ጥፍሩ ራሱ ያልቃል። ከረጢቱ በሁለት ሳምንት ተጋመሰ።

ታዲያ ባለቤቴ አንድ ዘዴ አገኘች። ቁራጭ ስፖንጅ የፀጉር ቅባት አጠጣች። ከመሠረቱ ጄል በፊት አውራ ጣቷን ስፖንጁ ላይ ነካ ታደርግና የፕላስቲኩን ጥፍር ዳበስ ታደርገዋለች። ያኔ ጄሉ ደርቆ ሲያበቃ እንደ ባቄላ ልጣጭ ሙልጭ ብሎ ይወጣል፤ ጥፍሩም ለሚቀጥለው ልምምድ ይተርፋል። አንዱን ጥፍር ሠላሳ ጊዜ ሠራችበት። እኔም ሚስቴ ብልህ ናት ብዬ ሥራ ቦታ ጉራዬን ነዛሁ። እንዲህ እያለች ሁለት ወር ሙሉ በቀን አርባ ሃምሳ ጊዜ ያቺን ቅባት ዳበሰች።

ሰፈራችን ያለው የውበት ሳሎን ያን ሰሞን ጥፍር የምትሠራ ሴት ይፈልግ ነበር። ባለሳሎኗ ቀልድ የማይገባት፣ የምስክር ወረቀት የማታይ ሴት ናት፤ ፈተናዋም የራሷ ነው። «የኔን አሥር ጥፍር ትሠሪያለሽ» አለቻት ባለቤቴን። «ከዚያ ሳምንት ሙሉ እንደ ልማዴ ፀጉር አጥባለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ ጣሳ እከፍታለሁ። በሳምንቱ ጄሉ ከአንዱም ካልተነሣ ያቺ መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ያንቺ ናት።» ከባለቤቴ በፊት ሦስት ወጣቶች በዚህ ፈተና ወድቀዋል።

ዓርብ ዕለት ሄዳ ሠራች። ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። «የሰው እጅ ይሞቃል እኮ! ይንቀሳቀሳል! መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ከዚያ ግን...» እያለች ዕቃዋን ከሳጥኑ ታወጣ ጀመር። ድንገት እጇ ቆመ። ቀና ስል ስፖንጁን ይዛለች። ከዕቃው ሁሉ በላይ ተቀምጦ ነው ያገኘችው፤ አሁን የተነካ ይመስል ወዙ ያበራል።

«ቀብቻታለሁ» አለች።

«ማንን?»

«ባለሳሎኗን ነዋ! እጄ እኮ ሳላዘው ነው የሚሄደው! ጥፍሯን በአልኮል ጠረግኩ፣ ደረቀ፣ ከዚያ... ቀብቻት ይሆናል። አልቀባኋት ይሆን? አላስታውስም!»

እኔ ሳቅኩ። ያን ጊዜ መሳቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም እሷ ወንበር ላይ ዘጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ቅዳሜ ጠዋት «ጣቶችህን አምጣ» አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ልለማመድብህ ስትለኝ ቧንቧ ሠራተኛ እንጂ ሙሽራ አይደለሁም እያልኩ ጆሮ ዳባ ልበስ ብያት ነበር፤ አሁን ግን ሁለቱንም አውራ ጣቶቼን ዘረጋሁላት። ቀኝ አውራ ጣቴን ያለ ቅባት፣ ግራውን በቅባት ሠራችው። «ቢያንስ ቀለም የሌለው አድርጊው» ብዬ ለመንኳት። «ካላየሁት መነሣቱን በምን አውቃለሁ?» አለችና ደማቅ ቀይ ለቀለቀችኝ። ሰኞ ሥራ ቦታ የጠበቀኝን አልነግራችሁም። ባልደረባዬ መፍቻ ባቀበለኝ ቁጥር «እንኳን ደስ ያለሽ» ይለኝ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ሳይረፍድ፣ አንድ የዛገ ቧንቧ ስፈታ የግራው ቀይ ጥፍር ሙሉውን ተላቀቀና መዳፌ ላይ ወደቀ። የቀኙ ንቅንቅ አላለም። የወደቀውን ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ቀኑን ሙሉ ልጣለው አልጣለው ስል ዋልኩ። እኔ ለቤቴ ሰላም ስል የምዋሽ ሰው ነኝ፤ አልክድም። መፍቻ መታኝ ብል ታምነኛለች። ቤት ስደርስ ግን በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት፤ ከፊቴ በፊት ጣቴን አየች። አንጀቴን በላችው። አውጥቼ ሰጠኋት።

«ነገ ሄጄ እነግራታለሁ» አለች።

«ዝም በይ!» አልኩ። «ምናልባት አልቀባሻት ይሆናል። ቀብተሻት ከሆነም ሲነሣ ራሷ ታየዋለች። ምን አስቸኮለሽ?»

«ሲነሣ እኮ ውሃ ሥሩ ይገባል። ቀኑን ሙሉ ፀጉር የምታጥብ ሴት ናት። ውሃ እዚያ ታፍኖ ከሰነበተ ጥፍሯ ይበላሻል።»

«ወንበሩስ?»

የወደቀውን ጥፍር መዳፏ ላይ አገላበጠችው። «ወንበሩን እፈልገዋለሁ» አለች። «ስምንት ወር ሰው ምን ትሠሪያለሽ ሲለኝ መንገድ ስቀይር ነው የኖርኩት። አንተ አታውቀውም። ግን በሰው ጥፍር አይሆንም።»

አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ አርፍጄ አብሬያት ሄድኩና በሩ አጠገብ ቆምኩ። ባለሳሎኗ የአንዲት ሴት ፀጉር እያጠበች ነበር። ባለቤቴ ደህና አደሩ እንኳ ሳትል ጀመረች፦ ፕላስቲኩን፣ ስፖንጁን፣ ቅባቱን፣ የኔን አውራ ጣት ሁሉ ዘረገፈችው። «ቀብቼዎት ሊሆን ይችላል፤ እባክዎ እጅዎን ያሳዩኝ» አለች። 

ባለሳሎኗ እጇን አደራርቃ ዘረጋች። ግራው አምስቱም ልክ እንደተሠሩ ናቸው። የቀኙ ግን ከሥር ከሥሩ ተነሥቷል፤ ቀለበት ጣቷ ላይማ የታጠበችው ሴት ፀጉር ገብቶበታል።

«ከትናንት ጀምሮ ይሄ ነገር ፀጉር ይነጭብኛል» አለች ባለሳሎኗ። «ሥራው ንጹሕ ነው፣ ግራው ደህና ነው፣ ቀኙ ምን ነካው እያልኩ ነበር። ቅባት? ለማላቀቅ ብለሽ?» ከዚያ ያ ቀልድ የማያውቅ ፊት ተፈታና ሳቀች። «እኔ ጀማሪ ሆኜ የፕላስቲኩ ጥፍር ላይ ፕላስተር ነበር የምለጥፍበት! ቅባቱን እንዴት አላሰብኩትም?»

«መለማመጃዬ ቀኝ እጅ ብቻ ነበር፤ እጄ የለመደውን ነው ያደረገው» አለች ባለቤቴ ሳትስቅ። አንድ በአንድ አነሣችው፤ ሲነሣ ምንም አላስቸገረም። የሴትዮዋን ጣቶች ወደ መስኮቱ አዙራ እየደጋገመች አየች። ጥፍሮቹ ጤነኛ ናቸው፤ ነጠብጣብ የለ፣ የተለወጠ ቀለም የለ። «ተመስገን» ብላ ስትተነፍስ እኔ በሩ ድረስ ሰማኋት። ወንበሩ ቀርቶባት እንኳ በዚያች ትንፋሽ ደህና የምታድር መሰለኝ።

«ተመስገኑን ተይና አምስቱን እንደገና ሥሪ» አለች ባለሳሎኗ። «ሳምንቱ ከዛሬ ይቆጠራል። ያ ስፖንጅ ደግሞ እዚህ ቤት እግሩ እንዳይገባ።»

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔና ልጃችን እናውቃለን። ባለቤቴ በሳሎኑ በር በቀን አራት ጊዜ ታልፋለች፤ አትገባም፣ በመስኮቱ የሴትዮዋን እጅ ታያለች፣ መጥታ ትነግረናለች። «ጎመን ስትከትፍ አየኋት» ትላለች እንደ ክፉ ወሬ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ባለሳሎኗ ቀኝ እጇን ብርሃን ላይ ዘርግታ በግራ ጥፍሯ ጠርዝ ጠርዙን እየፈለገች ልትፈነቅለው ሞከረች። አውራ ጣት፣ አመልካች፣ እያለች እስከ ትንሿ። ቀለበት ጣቷን ሁለት ጊዜ ሞከረችው። አንዱም እሺ አላላትም። ምንም ሳትል ወደ ሌላ ሥራዋ ዞረች፤ ባለቤቴ መሐል ቤት እንደቆመች ቀረች፤ እኔም በር ላይ እንዲሁ።

በዚህ መሐል አንዲት ወጣት ደንበኛ ገፋ አድርጋኝ ገባችና ዙሪያውን አይታ፣ «ጥፍር ፈልጌ ነበር፤ እዚህ ጥፍር የሚሠራው ማን ነው?» ስትል ጠየቀች።

ባለሳሎኗ ሥራዋን አቆመች። ቀና ብላ ባለቤቴን አየቻትና ጠበቀች።

«እኔ ነኝ» አለች ባለቤቴ።