በለቅሶ ቤት የተበየደው ሞተር

ይህ የሆነው ካቻምና፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። ሞተር ሳይክሌን ባስነሳሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልርሳው ብልም አልችልም። አስደንግጦኛል፣ አሳፍሮኛል፣ በመጨረሻም እፎይ አሰኝቶኛል፤ ያውም በማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ።

የሁሩታ ልጅ ነኝ። የተማርኩት የእንስሳት ጤና ሲሆን ከተመረቅኩ በኋላ ረጅም ጊዜ ሥራ አጥቼ ቤት ተቀመጥኩ። የጎረቤት ላም ስትታመም እጠራለሁ፣ አክሜ ምርቃት ተቀብዬ እመለሳለሁ። በምርቃት የሚኖር ቢሆን የእኔን ያህል ሀብታም በአርሲ አይገኝም ነበር። በመጨረሻ አንድ የወተት ማኅበር በየገጠሩ እየዞርኩ ላሞች እንዳክም ሊቀጥረኝ ተስማማ። የጠየቁት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የራሴ ሞተር ሳይክል እንዲኖረኝ። አባቴ ሰንጋውን ሸጦ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዛልኝ። ሰኞ ጠዋት ይዤው እንድቀርብ ተነገረኝ፤ ካልቀረብኩ ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው እንዳለም አልሸሸጉኝም።

ቅዳሜ ለሥራው የሚሆን ቦቲ ጫማ ልገዛ ወደ አዳማ ወረድኩ። ዴራን አልፌ ትንሽ እንደሄድኩ ከፊቴ የነበረ መኪና ጎማው ያስፈነጠረው ድንጋይ ከእግሬ ሥር ሞተሩን ጓ አድርጎ መታው። ወዲያው የሚቃጠል ዘይት ሸተተኝ። ወርጄ ሳይ በሞተሩ ጎን ያለው፣ ዘይቱን የሚይዘው የአሉሚኒየም ክዳን ተሰንጥቆ ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ይንዠቀዠቃል። አባቴ ሰንጋውን ወደ ገበያ ሲነዳ የነበረው ፊቱ ድቅን አለብኝ።

አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆመልኝ። ገና ሳይወርድ “አካም፣ ምን ሆንክ?” አለኝ። ስንጥቁን አየና እንደ አገሩ ሹፌር ሁሉ ከወንበሩ ሥር ሳሙና አወጣ። የሚያፈስ የነዳጅ ታንከር በሳሙና ሲደፈን ስላየሁ እኔም አመንኩ። የቀረውን ዘይት ይዞ እንዲሄድ ስንጥቁን በደንብ ለስነን ሞተሩን አስነሣን። ለነዳጅ የሚሆን ሳሙና ለጋለ ዘይት እንደማይሆን የገባን ቢጫ አረፋ ሲወርድ ስናይ ነው። ሹፌሩ በራሱ ሳቀና ሞተር ሳይክሌን ከጫነው የስንዴ ጆንያ ላይ አስጭኖ አዳማ አደረሰኝ።

እዚያ ያገኘሁት መካኒክ ክዳኑን ፈትቶ በእጄ ሰጠኝ። አዲሱ ከአዲስ አበባ እንደሚመጣ፣ እሱም ቶሎ ከደረሰ በሳምንቱ እንደሆነ ነገረኝ። አዳማ ውስጥ በያጅ ሞልቷል፤ አሉሚኒየም ግን እንደ በርና መስኮት አይደለም፣ ያልለመደ እጅ ከነካው ቀልጦ ይቀራል። የበር በያጆቹ ገና ሲያዩት እጃቸውን ሰበሰቡ። የአሉሚኒየም መበየጃ ያለው አንዱ ደግሞ የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ ሞተር ሳይክሉን መልሶ ሊሸጥልኝ መሰለኝ። መካኒኩ አዘነልኝና ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ጋሽ ደሳለኝ የሚባሉ፣ በቤታቸው የሚሠሩ በያጅ እንዳሉ ጠቆመኝ። እጃቸው ጥሩ፣ ዋጋቸውም ለእንደኔ ዓይነቱ የሚሆን ነው አለኝ። አክስቴ ቤት አድሬ፣ እሑድ በጠዋት ክዳኑን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ሄድኩ።

ቤቱን ሳገኘው በሩ ላይ ድንኳን ተጥሏል። ሰውዬው ሞቱ አልኩ። ያዘንኩት ለእሳቸው ይሁን ለራሴ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

ልመለስ ስል በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች አዩኝ። ለቅሶ ቤት ደርሶ ከበር መመለስ ነውር ነው፤ ብየዳ ፈልጌ ነው ማለት ደግሞ የባሰ ነውር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው አንገቴን ደፍቼ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” እያልኩ ገባሁ። ከረጢቴን አግዳሚ ወንበሩ ሥር ሸጎጥ አድርጌ ተቀመጥኩ። ንፍሮ ተሰጠኝ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከሁሩታ ስላቸው ይህን ሁሉ መንገድ ለለቅሶ በመምጣቴ መረቁኝና ንፍሮ አስጨመሩልኝ። ንፍሮዬን ቀና ሳልል ቆረጠምኩ።

ጥቂት እንደቆየሁ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ትከሻ ሰፊ ሰው እግሬን እግሬን ያዩ ጀመር። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከከረጢቱ የወጣው ጥቁር ዘይት በዕድሩ ምንጣፍ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። ሰውዬው ተነሥተው መጡና በጆሮዬ “ልጄ፣ ለቅሶ በማዳበሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ” አሉኝ።

ጋሽ ደሳለኝ ነበሩ። የሞቱት የግድግዳ ጎረቤታቸው ናቸው፤ የተቀበሩትም በዋዜማው ነው። ድንኳኑ የሁለቱንም ቤት በር ይዞ ነበር። በሕይወት መኖራቸው ደስ ስላለኝ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም፤ ቦታው ግን አይፈቅድም።

ወደ ጓሯቸው ወስደው ጉዳዬን ሰሙ። ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ይበየዳል አሉ። ዋጋውንም ነገሩኝ፤ ከአቅሜ በታች ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። በዚያ ሰፈር ለቅሶ ከተቀመጡ እስከ ሰልስት ድረስ መዶሻ አይነሣም፣ ብረት መሞረጃው ግራይንደር አይጮህም። ሰልስቱ ደግሞ ሰኞ ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ብመጣ እንደሚሠሩልኝ ነገሩኝ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥራው የሌላ ሰው እንደሚሆን ስነግራቸው እንባዬ መጣ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ማንም አልገረመውም።

ጋሽ ደሳለኝ ወደ ጎረቤታቸው ቤት ገቡ። ትንሽ ቆይቶ የሟች ባለቤት እማማ ጽጌ አስጠሩኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እማማ ጽጌ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፣ ድምፃቸው በለቅሶ ሰልሏል። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ አባቴ ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። የሰንጋውን ነገር ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ጋሽ ደሳለኝ ዞረው፣

“እሱ በሩ ላይ ሰው ሲጉላላ አይወድም ነበር። በእሱ ሞት የሰው እንጀራ አይዘጋም። ሥራለት ደሳለኝ፣ ብቻ አታንኳኳ” አሉ።

ዘይት የጠጣ አሉሚኒየም በእሳት ግሎ ዘይቱን ካልተፋ ብየዳ አይቀበልም። ጋሽ ደሳለኝ ሌላ እሳት አላነደዱም፤ ክዳኑን ንፍሮ የሚቀቀልበት ጉልቻ ዳር አስጠጉት። ዘይቱና ሳሙናው አንድ ላይ ሲጨስ ሴቶቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ያዙ። አንዷ ንፍሮው ሞተር ሞተር ካለ ለቀስተኛው ምን ይላል ብላ አጉረመረመች። ሌሎቹ ሳቃቸውን ዋጡት። ዘይቱ ተቃጥሎ ሲያልቅ ጋሽ ደሳለኝ ክዳኑን በጉጠት ይዘው መሥሪያ ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ። በበሩ ክፍተት ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ይላል፤ ሽሽሽ ከሚል ድምፅ በስተቀር ምንም አይሰማም ነበር። ውጭ ቆሜ ለሟች ነፍስም ለክዳኑም ባንድ ትንፋሽ ጸለይኩ።

ይዘውት ሲወጡ የተበየደው ቦታ አባጣ ጎርባጣ ሆኗል። በግራይንደር መለስለስ ነበረበት፤ እሱ ደግሞ ይጮሃል። “መልኩን ተወው፣ ማፍሰሱን አያፈስም” አሉኝ።

የዚያኑ ቀን መካኒኩ ክዳኑን ገጥሞ አዲስ ዘይት ሞላበትና አስነሣው። ሁለታችንም መሬት ላይ ተኝተን ከሥሩ አየን። ጠብ የሚል ነገር የለም። ትንሽ ነድቼው መጣሁና ደግመን አየን፤ አሁንም የለም። ከትናንት ጀምሮ የያዝኩትን ትንፋሽ ያን ጊዜ ለቀቅኩት። ሰኞ ጠዋት ከዘበኛው ቀድሜ ማኅበሩ በር ላይ ነበርኩ።

አሁንም እዚያው እሠራለሁ። አባቴ በሰንጋው ፋንታ ወይፈን ይዟል። አዳማ ስወርድ ጋሽ ደሳለኝንና እማማ ጽጌን ሳልጠይቅ አልመለስም። ሟችን የማውቃቸው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ፎቶግራፉን ባየሁ ቁጥር በሕይወት ሳሉ አግኝቼ ባመሰገንኳቸው ኖሮ እላለሁ።

በቅርቡ ዘይት ለማስቀየር አንድ የሁሩታ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ክዳኑን በጨርቅ ሲጠርግ እጁ ብየዳው ላይ ቆመ። ማን እንዲህ አበላሽቶ እንደበየደው ጠየቀኝና በአንድ አፍታ ላስተካክልልህ ብሎ ግራይንደሩን ሊያመጣ ተነሣ። ክንዱን ያዝኩት።

“ተወው” አልኩት። “ለቅሶ ነበር።”