ጉራቻ ቁጥር አንድ የሆነችበት ሳምንት

ቡርቃ ጃቶ ከሚባል ሰፈር ካለ አንድ የወተት ላም እርባታ ሥራ የገባሁ ዕለት፣ የአላቢዎች አለቃ አዴ ጫልቱ ባልዲ ሰጥተውኝ መልሰው ወሰዱብኝ። «ዛሬ አታልብም። በሩ ጋ ቆመህ ማን ቀድማ እንደምትገባ እይ» አሉኝ።

ላሞቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። ዥጉርጉሯ ቡሬ ፊት ገባች፤ ጥቁሯ ጉራቻ መጨረሻ። በማግስቱም እንዲሁ። አንድ ወር ሙሉ በደብተር ጻፍኩ። ተራው የተዛባው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ያኔም ቡሬ እግሯን ታማ ነበር።

አዴ ጫልቱ ቡሬን በየጠዋቱ «አከም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደረች ይጠይቋታል። እኔን ሰላም ማለት የጀመሩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከማን በኋላ እንደምገባ በዚያው አወቅኩ።

ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን ከአሮጌ የባዮሎጂ መጻሕፍትና ከስልኬ ለቃቀምኩ። ላም ባልንጀሮቿን በመልክና በጠረን ትለያለች፤ ማን እንዳሸነፈቻትም አትረሳም። ከጥንት አያቶቿ መካከል በየቀኑ የሚዋጋው ቁስሉን ሲልስ ዋለ፤ ተራውን ያወቀው ሣሩን ጋጠ፣ ወልዶም ዘሩን አቆየ። ዶሮና ዝንጀሮም ተራ ያውቃሉ።

ወተቱም የዚሁ ነገር ዘመድ ነው። ጡቷ ሲታሽ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ከአንጎሏ በደም ወርዶ ወተቱን ያስለቅቃታል። እናትን ከጥጃዋ በማስተሳሰርም እጁ አለበት። አላቢ በጥጃ መንገድ የሚገባ እንግዳ ነው። ላሟ ከፈራች ሌላ ሆርሞን መጥቶ መንገዱን ይዘጋል።

ከዚያ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሰለሞን ከአዲስ አበባ መጡ። ሥርዓት የለም አሉና ላሞቹ በጆሯቸው ላይ በተንጠለጠለው ቁጥር ተራ እንዲገቡ አዘዙ። ጉራቻ ቁጥር አንድ ሆነች፤ ቡሬ ዘጠኝ። ጉራቻን ጎትቼ በቡሬ ፊት ሳሳልፍ ቡሬ ጎኗን ወጋቻት። ጉራቻ እየተንቀጠቀጠች ቆመች። ጡቷን ባሸው ባሸው ጠብታ የለም። ሌሎቹም ተረበሹ። በሳምንቱ ወተቱ በግማሽ ቀነሰ።

አቶ ሰለሞን ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገሩም፤ ወተቱን የምሰርቀው እኔ ነኝ። ዝምተኛ ሰው ሆዱ አይታወቅም አሉ። ቅዳሜ ጠርተውኝ፣ ወተቱ በሦስት ቀን ካልተመለሰ በሌብነት እንደምባረር ነገሩኝ። ደብተሬን ሰጠኋቸው፤ ብርጭቆ አስቀመጡበት። ሌባ ተብሎ የተባረረ አላቢ ከጉቴ እስከ አኖ የሚቀጥረው በረት የለም።

አዴ ጫልቱ ሰሙ። እሑድ የልጃቸው የምርቃት ግብዣ ነበር፤ አቶ ሰለሞንም ተጠርተዋል። አዴ ጫልቱ የተጠሩትን ሽማግሌዎች በሹክሹክታ አማከሩና ለእንግዳው ሁሉ የቁጥር ወረቀት እንዳድል፣ እጅም በቁጥሩ ተራ እንዳስታጥብ አዘዙኝ።

ቁጥር አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ቀጥለው ጎረምሶች። ሽማግሌዎቹ በትዕግሥት ይጠብቃሉ፤ አንዱ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፍነዋል። አቶ ሰለሞን አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ሦስት ጊዜ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠይቄ አለፍኳቸው።

በመጨረሻ «ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ሕፃን ይቀድማል እንዴ?» አሉ አቶ ሰለሞን።

«ሥርዓት ነው፤ በቁጥር» አሉ አዴ ጫልቱ። «ምነው፣ መብላቱ አስጠላዎት?»

«በዚህ ሁኔታ እንዴት ይበላል?»

«ጉራቻም እንዲሁ ነው የምትለው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አቶ ሰለሞን ከሁሉ በኋላ ሳቁ።

ሰኞ ጠዋት በሩን ከፍቼ ላሞቹን እንድተዋቸው አዘዙኝ። ቡሬ ፊት ገባች። ወተቱ ለመመለስ አምስት ቀን ፈጀበት፤ የጉራቻ ግን ዘጠኝ ቀን። ስለ ሦስቱ ቀን ያነሳ የለም። አቶ ሰለሞን ለእርባታው ባለቤት በጻፉት ሪፖርት ላይ «በግል ጥናቴ የደረስኩበት አዲስ አሠራር» የሚል ሐረግ አይቻለሁ። እኔም ይኸው ስድስተኛ ዓመቴን እዚያው አልባለሁ።

ወተት ሲቀንስ ሌባ ከመፈለጋችሁ በፊት የትኛዋ ላም ማንን እንደፈራች እዩ።