እትዬ ሙስሊማ ያለበሰችው ኮምፒውተር

በመካነ ሰላም የእትዬ ሙስሊማ ዳንቴል ያልነካው ነገር ቢኖር አስፋልት ብቻ ነው፤ እሱም ገና ስላልመጣ ነው። ሬዲዮ ታለብሳለች፣ ቴርሞስ ታለብሳለች፣ የቴሌቪዥን ሪሞት ታለብሳለች። ኪሮሿን ይዛ ስትቀመጥ አጠገቧ ወሬ ይዞ የቆየ እንግዳ ጠርዙ ተጠልፎለት ይነሳል ይባላል። ስለዚህ ልጇ ሀዲያ ከሪያድ በላከችው ገንዘብ የተገዛው ኮምፒውተር እቤት ሲገባ ምን እንደሚጠብቀው መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ወቅቱ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት የሚደራጅበት ነበርና ኮምፒውተሩም ተደራጀ፤ አንድ ኮምፒውተር ለአምስት ልብስ። ለስክሪኑ ነጭ ዳንቴል፣ ለኪቦርዱ ሮዝ፣ ለማውሱ ቆብ፣ መሬት ለቆመው ሳጥን ደግሞ ከላይ ዳንቴል ከስር ብርድ ልብስ። የሰውን ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ የወሎ ቦረና ብርድ ለማሽን ይራራል ብላ አላመነችም። ሲጠፋም ሲበራም እንደለበሰ ነው።

በዚያ ሳጥን ውስጥ ግን የባሏ ድምፅ ነበረ። ሸህ ሀቢቡላህ የከተማውን እኩሌታ ቁርኣን ያስቀሩ፣ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ሀዲያ ለእረፍት መጥታ ሳለ አባቷ ልጆች ሲያስቀሩ በኮምፒውተሩ ቀዳቻቸው። ሪያድ በተመለሰች በዓመቱ ሸሁ አረፉ፤ ለቀብር አልደረሰችም። አሁን ለረመዳን ልትመጣ ነው። በስልክ የለመነችውም አንድ ነገር ነው፤ «እማዬ፣ ገና እንደገባሁ አባባን ልስማው።»

ኮምፒውተሩ የሞተው በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ ቋ ቋ አለ። እትዬ ሙስሊማ ብርድ ገብቶት ነው ብላ ጋቢ ጨመረችለት። ከዚያ ጭራሹን ዝም አለ። የኮምፒውተር ጠጋኙ ሙላው መጥቶ ልብሱን ሲያወልቅ ቆየ፤ ሙሽራ እንኳ ይህን ያህል አታስቸግርም። እንደጨረሰ ሳጥኑን ከፍቶ ውስጡን መረመረ።

«እትዬ፣ ብርድ አይደለም። ታፍኖ፣ በገዛ ሙቀቱ ተቀቅሎ ነው። ሃርድ ዲስኩ አልቆለታል።»

«ድምፁስ?»

«ድምፁም እሱው ላይ ነበረ።»

እትዬ ሙስሊማ ተቀመጠች። ኪሮሹ ከእጇ ወደቀ፤ ይህን ያየ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

«ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ የላችሁም?» አለ ሙላው።

ነበራቸው። ሀዲያ ስትሄድ ሁሉንም መዳፍ በምታህል ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ገልብጣ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ቤት ማደር የለባትም ብላ፣ አጥር ለሚጋሯት ለወይዘሮ አልታየች በአማና፣ በአደራ ሰጥታለች። ችግሩ አማናው ነው። በዚህ አገር ገንዘብ ይካዳል፣ ወሰን ይገፋል፤ አማና ግን የሚመለሰው ለሰጠው እጅ ብቻ ነው። ወይዘሮ አልታየች ክርስቲያን ብትሆንም በአማና ነገር ከቃዲ ትብሳለች።

«አልሰጥሽም» አለቻት በአጥሩ ላይ።

«የልጄን ዕቃ?»

«የልጅሽ ነዋ፤ ያንቺ አይደለም። ‹እማዬም ብትሆን እንዳይሰጧት› ብላኛለች።»

«ለምን?»

«ታለብሰዋለች ብላ።»

«አልታየች፣ የሸሁ ድምፅ እኮ ነው ያለበት።»

ወይዘሮ አልታየች አጥሩን በእጇ ያዘች። ሸሁን ትወዳቸው ነበር። «ወላሂ፣ ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቅኋትም። ትደውልና ቃሏን ልስማ» አለች።

ስለዚህ እትዬ ሙስሊማ ከልጇ ልትደብቀው ያሰበችውን በራሷ አፍ መናገር ግድ ሆነባት። ሀዲያ የምትደውለው በጁምዓ ነው። ጁምዓ ደረሰና ሁለቱ ሴቶች ኔትወርክ ፍለጋ ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ ወጡ፤ ቦታው ከከፍታው የተነሳ ትንሽ ቢንጠራሩ ስልክ ሳይኖርም ሪያድ ይሰማል።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ድምፅሽ ልክ አይደለም።»

«ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ። ኮምፒውተሩን ግን ትንሽ አሞት...»

«አልብሰሽው ነበር?»

«ብርድ ነው ሀዲያ፤ አገሩን ታውቂው የለ።»

 «እትዬ አልታየችን አገናኚኝ» አለች ሀዲያ።

ወይዘሮ አልታየች ስልኩን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። «ሀዲያ መሆንሽን በምን ልወቅ? የቀይዋ ዶሮዬን እግር የሰበረ ማነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ። ልጅ ሳለሁ፣ በድንጋይ። እስካሁን ይቅር አላሉኝም።»

«እሷው ናት» አለች ወደ ሙስሊማ ዞራ፤ ሀዲያም «ይስጧት» ብላ ፈቀደች።

ሙላው ከደሴ በአውቶቡስ ያስመጣውን አዲስ ሃርድ ዲስክ ገጥሞ ሲጨርስ፣ ወይዘሮ አልታየች አማናውን ከሳጥኗ አውጥታ፣ ታቅፋ ደረሰች። ሲፈታ ነጠላ፣ ከነጠላው ስር መቀነት፣ ከመቀነቱ ስር ደግሞ ጥጥ።

«አንቺ ነሽ እኔን የምታሚው?» አለች እትዬ ሙስሊማ።

«ይኼኛው ሳይበራ የከረመ ነው፤ ምንም አልሆነ» ብሎ ሙላው ገላገላቸው።

ገመዱን ሰካ። ስክሪኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር መሄድ ጀመረች፤ ከከላላ ከተማ በበቅሎ የተነሳ ሰው ይቀድማታል። ወይዘሮ አልታየች አማናው መንገድ ላይ እንዳይቀር ከገመዱ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። መስመሯ ሞላች። ሙላው ማውሱን ነካ።

የልጆች ጫጫታ መጣ። ከጫጫታው መሀል ሸህ ሀቢቡላህ አንዱን ልጅ አንዲት ቃል መላልሰው ሲያስደግሙት ተሰማ። እትዬ ሙስሊማ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ትንሽ ቆይቶ ከአጥር ማዶ አንዲት ሴት ተጣራች፤ «ሸህ፣ ዶሮዬ እናንተ ጋ ገብታለች።»

ወይዘሮ አልታየች ወደ በሩ ዞረች። ማንም የለም።

«ይኼ... እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ» አለች እትዬ ሙስሊማ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «ይኼን ሁሉ ዘመን ራስሽን ቆልፈሽ ኖረሻል።»

ሀዲያ የመጣች ለት ኮምፒውተሩ ራቁቱን ጠበቃት። ዳንቴሎቹን እናቷ ለወንበሮቹ አልብሳቸዋለች፤ ወንበር በሙቀት ሲሞት ገና አላየችም። ልጅቷ ሻንጣዋን ሳትፈታ ተቀመጠች። ልጆቹ ጮኹ፣ አባቷ አስቀሩ፣ ወይዘሮ አልታየች ከአጥር ማዶ ተጣራች። ያኔ ሸሁ ትምህርቱን አቋርጠው፣

«ሀዲያ፣ ተነሺ። የጎረቤታችንን ዶሮ መልሺላት። እንደ ልጅነትሽ በድንጋይ እንዳይሆን» አሉ።

ሀዲያ ከወንበሩ ተነሳች።