መሪ የተባለው ሌላ ሰው

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በአሰበ ተፈሪ ኪነት ቡድን ቃል አስታዋሽ ነበሩ። ከመጋረጃው ጀርባ ቆመው፣ ተዋናይ ንግግሩ ሲጠፋበት የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ በሹክሹክታ ያቀብላሉ። «የቀረውን ራሱ ያምጣው» ይሉ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ንግግሩ ጠፍቶት ወደ መጋረጃው ዞረ፤ የሚያቀብለው ግን አላገኘም።

ልምምዱን የሚመሩት፣ ገለምሶ ለማሳየት ስንሄድም መኪና የሚለምኑልን እሳቸው ነበሩ። አንድ ዓመት ላይ፣ ለቴአትር መሪዎች ሥልጠና፣ ሙሉ ወጪው ተችሎ፣ አንድ ሰው ወደ አዲስ አበባ ላኩ ተባልን። እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ፤ በእኛ ቡድን «መሪ» ሲባል መሪ ተዋናዩ ማለት ነው። ስለዚህ አጎቴ ባላባት ሆኖ የሚጫወተውን ልጅ ላኩ።

«ጋሼ፣ ቡድኑን የሚመሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔን መድረክ ላይ ማን አይቶኝ ያውቃል?» ብለው ሳቁ።

ልጁ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ መብራት ነበር። እኛ የምንጫወተው በማሾ ብርሃን ስለሆነ፣ ትዕይንቱ ሲያልቅ መድረኩን ቀስ ብሎ ማጨለም አይቻልም።

«በትልቁ ቴአትር ቤት መብራቱን ቀስ በቀስ የሚያደበዝዙት እንዴት አድርገው ነው?»

«እኔ እንጃ ጋሼ፣ አላየሁም። እኔ መድረክ ላይ ነበርኩ።»

«አዬ፣ እንዲህ ከሆነስ ራሴ መሄድ ነበረብኝ» አሉ አጎቴ።

እስኪያርፉ ድረስ ሁለተኛ ጥሪ አልመጣም።